የልብስ ሰፊው ሚስት አራተኛ ቀን

አንድ ልብስ ሰፊ በአንዲት ደጋማ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። በሥራው ንጹሕ ሰው ነበር። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣለት ለክቶ ይቆርጣል፣ ሰፍቶ ይተኩሳል፣ የተረፈችውንም ቁራጭ የመዳፍ ያህል እንኳ ብትሆን ከልብሱ ጋር አጣጥፎ ይመልሳል። ሌላው ሰፊ በትርፍ ጨርቅ የልጆቹን ሱሪ ሲጥፍበት እሱ «የሰው ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ ያምነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ያሸንፈዋል። ይሉኝታ። ሰው ሲለምነው ከአፉ የምትወጣው «እሺ» ብቻ ናት። እምቢ ማለት እንደ ስድብ ይከብደዋል።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትባላለች። ከተጋቡ ጀምሮ መርፌውን ክር የምታገባለት፣ የኮቱን ቁልፍ የምትተክልለት እሷ ናት። ታዲያ አንድ ቀን ክሩ በመርፌው ቀዳዳ ጎን እያለፈ አስቸገራት። ምላሷ ላይ አርሳ ደግማ ሞከረች፤ አልገባም። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ መረመራትና፣ «የዓይንዎ ጅማት እየደከመ ነው። የማዝልዎ ጠብታ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ይርዳው፣ «ምን ላድርግልሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ማንጠግቦሽ ለራሷ ነገር ጠይቃ የማታውቅ ሴት ናት። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ «ባሕር ማየት እፈልጋለሁ» አለችው። «በቤተ ክርስቲያን ስለ ባሕር ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እኔ ግን ከወንዛችን የሚበልጥ ውሃ አላየሁም። ዓይኔ ሳይጨልም፣ ፈጣሪ ያን ሁሉ ውሃ የት እንዳስቀመጠው ልየው።»

ይርዳው «እሺ» አላት። ሲሰፋ ከርሞ፣ ከሰፋው ላይ እያስቀመጠ፣ ወደ እስክንድርያ የሚወስዳቸውን ትኬት ገዛ። እስክንድርያ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያለች፣ ቅዱስ ማርቆስ ያስተማረባት ከተማ ናት። የሚቆዩት አራት ቀን ብቻ ነበር።

ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ አራት ሳጥን ሣለ። አንዱ የአንድ ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ፣ በሁለተኛው ባሕሩ ዳር ያለውን የጥንት ምሽግ ሊያዩ፣ በሦስተኛው ገበያውንና የድሮውን ሰፈር ሊዞሩ ተስማሙ። በአራተኛው ላይ ሊጽፍ ጠመኔውን ሲያነሳ ማንጠግቦሽ እጁን ያዘችው።

«እዚህ ላይ ምንም አትጻፍ» አለችው። «በዚህ ቀን ባሕሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ? አይሰለችሽም?»

«አንተ ከጠዋት እስከ ማታ የሲንጀር መኪናህን ስትረግጥ ሰልችቶህ ያውቃል?»

ሳቀና ሳጥኑን ባዶ ተወው።

ወሬው ግን በሰፈሩ ተሰማ። ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ነው ሲባል አደራ ሰጪ አይጠፋም። መጀመሪያ የመጡት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። «ልትዝናኑ ነው አሉ፣ ደግ ነው። የእህቴ ልጅ እዚያው አይደለች? ይህችን በርበሬ ብቻ አድርስልኝ፤ ትንሽ ናት» አሉት። ትንሿን በርበሬ ሁለት ሰው ተሸክሟት ነበር።

«እሺ እትዬ» አለ ይርዳው።

ባሻ ውቤ ከዘራቸውን እየጎተቱ ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ። «የባሕር ውሃ ለጉልበት ፍቱን ነው ይላሉ። ይህችን ሞልተህልኝ ትመጣለህ። ስትሄድ ባዶ ናት፣ አትከብድህም።»

«እሺ ባሻ።»

አንዱ ጫማ ግዛልኝ አለ፣ ቁጥሩን በገመድ ለክቶ ሰጠው። ሌላዋ ለልጇ አሠሪዎች የሚሰጥ ስጦታ አመጣች። አንዱን ዘመድ ከከተማው ወዲህ ጫፍ፣ ሌላውን ከወዲያ ጫፍ መፈለግ ሊኖርበት ነው። ይርዳው ሁሉንም እሺ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሳጥን በመዳፉ አብሶ የእትዬ ጥሩነሽን እህት ልጅ ጻፈበት። ከዚያም ሁለተኛውን አበሰ። ቀጥሎ ሦስተኛውን።

ማንጠግቦሽም ሻንጣው አልዘጋ ሲል በየቀኑ አንድ የራሷን ነገር ታወጣ ነበር። መጀመሪያ የክት ቀሚሷን፣ ቀጥላም ለባሕር ነፋስ ብላ ያስቀመጠችውን ጋቢ አወጣች።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ አንድ ጣሳ ማር ይዘው መጡ። «የወንድሜ ልጅ ከእስክንድርያ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። በባቡር ደርሶ መልስ ቀኑን ይወስድባችሁ እንደሆነ ነው እንጂ ሩቅ አይደለም። በእጁ እንድታስረክብልኝ።»

ይርዳው አራተኛውን ሳጥን አየው። ባዶውን ነበር። «እሺ» አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር የወጣው። ሰውየው ሲሄዱ የማሩን ጉዳይ ሳጥኑ ውስጥ ጽፎ ወደ ሚስቱ ዞረና፣ «ባሕሩን ከባቡሩ መስኮት እናየዋለን» አላት። ማንጠግቦሽ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የጠመኔ ዱቄት በጨርቅ ጠርጋ ወጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይርዳው ቀና ሲል፣ ሚስቱ በጓዳ በር ሳይሆን በመንገዱ በር ገብታ ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተራ ይዛ ተቀምጣለች። ከፊቷ የነበሩት ሁለት ሰዎች ጉዳያቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አላት።

«እኔም አደራ አለኝ።»

«የምን አደራ?»

«እስክንድርያ ስትደርስ ባሕሩን ቁጭ ብለህ እይልኝ። ስትመለስ ቀለሙን ትነግረኛለህ።»

«አንቺስ? አብረን አይደለም እንዴ የምንሄደው?»

«ሻንጣው ሞልቷል፣ ቀኑም ሞልቷል። በእኔ ቦታ የባሻ ጀሪካን ይቀመጥ። እኔ ሚስትህ ሆኜ ብጠይቅህ ቀኑ አልተረፈኝም። አደራ ላለህ ሰው ግን እምቢ ብለህ አታውቅምና፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ልለምንህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ይርዳው በእጁ አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ነበር። ማንጠግቦሽ ቁራጯን አየችና፣ «ይህች የማን ናት?» አለችው።

«የእትዬ ጥሩነሽ ቀሚስ ትርፍ።»

«ትመልስላቸዋለህ?»

«የእሳቸው አይደለች እንዴ?»

«ታዲያ የእኔን ቀን ለምን ቆርጠህ ሰጠህ?»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነበር። በመጣችበት በር ወጣች።

ይርዳው የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ተነሣ። ዕቃዎቹን በጋሪ ጭኖ ከቤት ቤት ዞረ። በየበሩ ላይ ላብ ያጠምቀው ነበር። እትዬ ጥሩነሽ በርበሬያቸውን እየተቀበሉ፣ «ሰው አገር ሊያይ ነው ሲባል እንዲህ ይለወጣል?» አሉት። ባሻ ውቤ ግን ሳቁ። «እኔ እኮ እምቢ ይለኛል ብዬ ነው የጠየቅሁህ። እሺ ስትል ጊዜ፣ ይህ ሰው ሥራ የለውም እንዴ ብዬ ነበር።» አቶ ገብረየስ ማራቸውን ተቀብለው በሩን ዘጉ። ያሰፉት የነበረውንም ሙሉ ልብስ በሳምንቱ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ፤ እስከ ዛሬም አልመለሱትም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ጋቢዋን ሻንጣው ውስጥ መልሳ አንዲት የራስ ሻርፕ ከላይ ስታስቀምጥ አገኛት። ሻርፑ የእማማ ዘርፌ ነው። እኚህ ባልቴት ከሰው ሁሉ ኋላ መጥተው፣ ሻንጣው መሙላቱን ሲያዩ ሳይናገሩ ሊመለሱ ሲሉ ማንጠግቦሽ ነበረች የጠራቻቸው። ልጃቸው እዚያ ሰው ቤት ትሠራለች።

«ሁሉን መልሼ የመጣሁት ለዚህ ነው?» አለ ይርዳው።

«ይህችን ከራሴ ቀን ላይ ነው የምሰጠው» አለችው። «እኔ ፈቅጄ።»

ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ምሽጉን አዩ፣ የድሮውን ሰፈር ዞሩ። በአራተኛው ቀን በጠዋት ባሕሩ ፊት ለፊት ከድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። የእማማ ዘርፌ ልጅም ለግማሽ ቀን አስፈቅዳ መጣችና የእናቷን ሻርፕ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እዚህ ከተማ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «ቁጭ ብዬ ሳየው ዛሬ ገና ነው።»

ማንጠግቦሽ ቀለሙን ለባሏ በሚገባው ቋንቋ ትነግረው ነበር። ጠዋት እንደ ኮት ገበር ነው አለችው፣ ያብረቀርቃል። ቀትር ላይ ሰማያዊ የተማሪ ልብስ መሰለ። ሲመሽ ወይን ጠጅ ሆኖ የካህናት ካባ የመሰለ ጊዜ ተነሥታ ቆመች፤ አማተበችም። ይርዳው ርቦታል፣ ወገቡንም አሞታል። ግን እንሂድ አላለም።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ዓይኗ ጨለመ። ይርዳው አሁን ክሩን ራሱ እየታገለ ያገባል። የጎረቤት ልጆች እየመጡ፣ «እማማ ማንጠግቦሽ፣ ባሕር ምን ይመስላል?» ይሏታል። እሷም፣ «በየትኛው ሰዓት?» ትላለች።

ወገኖቼ፣ ለሰው እሺ ማለት ደግ ነው፤ ፈጣሪም ይወደዋል። ነገር ግን የምንሰጠው የማን እንደሆነ ማየት ያሻል። ይርዳው ለሰፈሩ ቸር የመሰለው በሚስቱ ድርሻ ነበር፤ ያን ሰጥቶ የተመሰገነው ግን እሱ ነው። ማንጠግቦሽ የሰጠችው አንዲት ሻርፕ የምትደርስበት ጊዜ ነው፤ ጊዜው ግን የራሷ ነበር። በውጭ ሰው ፊት እንዳናፍር ስንል ብዙ ጊዜ የምንቆርጠው ዝም የሚለንን የቤታችንን ሰው ቀን ነው። ዝም ማለቱ መፍቀዱ ይመስለናል። እግዚአብሔር እሺንም እምቢንም በየቦታቸው የምንናገርበት አንደበት ይስጠን።

እርስዎስ፣ በዚህ ሳምንት እሺ ያሉት ከማን ቀን ላይ ቆርጠው ነው?