ከወንበሩ የተነሳው ዳኛ

አንድ ደምለው የሚባል ገበሬ ከጎረቤቱ ከጥላዬ ጋር በመስኖ ውሃ ተካሰሰ። ከምንጩ የሚወርደው ቦይ በማን ማሳ አስቀድሞ ይለፍ ነው ነገሩ። ክርክሩ ከጭቃ ሹም ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ ወጣ። በዚህ መሀል ልጆቻቸው ቦዩ ዳር ተደባድበው የጥላዬ ታላቁ ልጅ ተፈነከተ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ቤት ጠመንጃ ከግድግዳ ወርዶ በር ሥር ቆመ። በመጨረሻ ጉዳዩ ከበላዩ ሌላ ችሎት ወደሌለው፣ ወደ ንጉሡ ከተማ ችሎት ደረሰ።

ደምለው መንገዱን ሲሄድ አልፈራም። የችሎቱን ዳኛ ያውቀዋል። ዳኛው በወጣትነቱ በዚያ አገር ሲያልፍ ወባ ጥሎት፣ ወንዙም ሞልቶበት፣ በደምለው ቤት ተኝቶ ነበር። የደምለው ሚስት አጥሚት እያጠጣች አዳነችው። ደምለው ይህን ለማንም አልተናገረም። በልቡ ግን፣ ያበላሁት ሰው አይጥለኝም ይል ነበር።

ሁለቱ ባላጋሮች እንደ አገሩ ልማድ የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርስ ተቋጥሮ ከችሎቱ ፊት ቆሙ። ዳኛው ቀና ብሎ አያቸው። ደምለውን ሲያውቀው ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ወደ ጥላዬም ዞረ።

«ይህ ባላጋራህ የእኔ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«እኔ አውቃለሁ። ታምሜ በቤቱ ተኝቻለሁ፤ የዳንኩት የሚስቱን አጥሚት ጠጥቼ ነው። እውነቱ ከእሱ ጋር ሆኖ ብፈርድለት እንኳ፣ አንተ ነገ ስትሰማ አጥሚቱን ከፈለው ትላለህ።»

ይህን ብሎ ካባውን ሰበሰበና ከወንበሩ ተነሳ። ሁለቱንም የማያውቅ ሌላ ዳኛ እንዲቀመጥበት አድርጎ ወጣ። ደምለውን ዞር ብሎም አላየው።

ጥላዬ የተቋጠረውን ነጠላ ሳብ አድርጎ፣ «እንግዲህ አጥሚትህ ተነስቶ ወጣ» አለው።

ደምለው ዳኛውን የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲል በሆዱ ረገመው።

አዲሱ ዳኛ ቦዩን አይተው የሚመጡ ሰዎች ላከ፤ የአገር ሽማግሎችንም አስምሎ ጠየቀ። ከዚያም ቦዩ ጥንትም የተቀደደው በደምለው ማሳ ነውና ውሃው በዚያው ቀድሞ ይለፍ፣ ጥላዬም ተራውን ጠብቆ ያጠጣ ብሎ ፈረደ።

ደምለው ረታ፤ ነገር ግን ደስታ አልመጣለትም። ወደ ቤቱ ለመድረስ በጥላዬ ደጅ ማለፍ ነበረበት። እንደፈራውም የጥላዬ ልጆች ጠመንጃ ይዘው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ከፊቱ ይሄድ የነበረው ጥላዬ መረታቱን ነገራቸው። ታላቁ ልጅ ዳኛው ጉቦ በልቶ ይሆናል አለ።

«አልበላም» አለ ጥላዬ። «የደምለውን እህል የበላውማ ማንም ሳይጠይቀው ተናግሮ፣ ተነስቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የፈረደብኝ የማያውቀን ሰው ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች። ጠመንጃውን ስቀሉት።»

ልጆቹ ሰቀሉት።

ደምለው ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳኛው ውለታውን በምን እንደመለሰለት ገባው። በወንበሩ ላይ ቢቆይ ኖሮ ውሃውን ይሰጠው ነበር፤ ልጆቹን ግን ከዚያ ጠመንጃ አያተርፍለትም። ከዚያ በኋላ ማለዳ ቦዩን በከፈተ ቁጥር ለዚያ ሰው ዕድሜ ሳይለምን ዶማውን አያነሳም ነበር። ለጥላዬም ተራው ሲደርስ ውሃውን ራሱ ይለቅለታል።

በታችኛው ወንበር ያለ ዳኛ ቢያዳላ የሚያርመው አለ። በላይኛው ወንበር ያለውን ግን ራሱ ካልተነሳ የሚያነሳው የለም። እንዲህ ያለ ዳኛ ያገኘ አገር ፈጣሪውን ያመስግን፤ እዚያ የተረታ ሰው እንኳ ጠመንጃውን ሰቅሎ ይተኛልና።

እናንተስ የወዳጃችሁ ጉዳይ በእጃችሁ ቢወድቅ፣ ወዳጅነታችሁንም ማንም ባያውቅ፣ ትነሱ ነበር?