ጅብ በብራና ቤት ላይ ሲሾም

አንድ ጊዜ፣ ሬዲዮ ሳይፈጠር፣ የስልክ ሽቦም በምድር ላይ ሳይዘረጋ፣ የዓለም እንስሳት ሁሉ ጥያቄያቸውን የሚልኩበት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ዋሻ ውስጥ ነበረ። የሠራው ጃርት ነው። ቀደም ሲል በድርቅ ዘመን ግልገሎች በውሃ ጥም ሲያልቁ፣ ከአሸዋ ሥር ውሃ ማውጣት የምታውቅ ግመል ከተራራው ማዶ በሰላም ታመሰኳ ነበር፤ የጠየቃት የለም። ጃርት ያን ጊዜ «እውቀት እያለ በጥም መሞት ከእንግዲህ ይብቃ!» ብሎ ማለ።

ከዚያ ወዲያ ሽመላዎች ከበረዶ አገር፣ ርግቦች ከበረሃ ወሬ ይዘው ጎረፉ። በእርጅና የሞቱ ፍየሎች ቆዳቸውን ለብራና ተናዘዙ። ጃርት የገዛ እሾሁን እየነቀለ ብዕር አደረገ። የውሃውን ነገር በሰማያዊ ክር፣ የበሽታውን በቀይ ክር እያሰረ በዋሻው ግድግዳ ደረደረ። የነጩ ድብ ጥያቄ በሽመላ እግር ታስሮ ይመጣል፤ መልሱ በክሩ ቀለም ተፈልጎ ይገኛል፤ በዚያው ሽመላ ይመለሳል።

ጃርት ከተማሪ ቤት ያመጣው አንድ ልማድም ነበረው። ብራናውን ከማስቀመጡ በፊት አንዲት ወፍ በቃሏ እስክትይዘው ያስጠናታል።

«የኔታ፣ ተጽፎ የለም ወይ? ለምን እንለፋለን?» ይሉታል ወፎቹ።

«ብራና ይተኛል፤ እናንተ ግን ትበራላችሁ» ይላቸዋል።

ሥራ ሲያልቅ ሹመት ይመጣል። ሹመት ሲመጣ ደግሞ ቀበሮ አይጠፋም። ይህ ቀበሮ «የአንበሳ የእህት ልጅ ነው ብለህ ጻፍልኝ» ሲለው ጃርት «ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም» ስላለ ቂም ይዟል።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለ አንበሳ ፊት ቀርቦ፣ «ይህን የሚያህል ቤት እሾሁን የጨረሰ ጃርት ይጠብቀዋል? ጠባቂ የሚፈራ መሆን አለበት። አያ ጅቦን ይሹሙልን።»

«ማንበብ ይችላል?»

«ማንበብ የጸሐፊ ሥራ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። የአለቃ ሥራ መቀመጥ ነው።»

አንበሳ ተስማማ። ጅብ በጠፍር በተሠራው ወንበር ላይ ጉብ አለ። ጃርት የተራቆተ ጀርባውን ይዞ በወንዙ መታጠፊያ ካለችው ሾላ ሥር ተቀመጠ፤ ወፎቹም ተከተሉት።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይህን ጅብ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ አውቀው ነው ዋሻ ሙሉ ቁርበት ያነጠፉለት።

መጀመሪያ ብራናውን አሸተተ። ቀጥሎ «ያልተጻፈበትን ዳር ብቻ» አለ። ዳሩ ሲያልቅ መሃሉ ዳር ሆነ።

ዝናብ ቀረ። የወንዙ የመጨረሻ ኩሬ የደረቀ ዕለት ጠዋት፣ አንበሳ ቀበሮን ወደ ዋሻው ላከው።

«አያ ጅቦ፣ ባለ ሰማያዊ ክሩ ብራና የታለ?»

«አነበብኩት።»

«እሰይ! ምን ይላል?»

«ጨው ይጎድለዋል።»

ቀበሮ ቀና ቢል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ክር ብቻ ነው። «ወይ ጉዴ! የቀዩስ?»

«እሱ ይሻላል። ሰባ ያለ ነው።»

አንበሳና የተጠሙት እንስሳት ተከትለው ደረሱ። ጅብ ሆዱን መታ መታ አደረገና «አይደንግጡ ንጉሥ ሆይ፣ የዓለም እውቀት እዚህ ውስጥ ነው» አለ።

«እንግዲያው ንገረን፤ ውሃ የት አለ?»

ጅብ አሰበ። አማጠ። ግሳት አመለጠው።

ግልገሎቹ ማልቀስ ጀመሩ። አንበሳ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሾላዋ ሄደ። «ጃርት፣ ቤትህ ተበላ» አለው።

ጃርት ወደ ቅርንጫፎቹ ቀና ብሎ «የሰማያዊው ክር ተማሪ ማን ነበረች?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ!» አለች ቆቅ። ጉሮሮዋንም ጠርጋ በቃሏ ወረደችው፦ «ግመል እንዲህ አለች። ወንዙ በታጠፈበት፣ ሾላ ባልጠወለገበት ቆፍሩ። ርጥብ አሸዋ ስታገኙ አትጨፍሩ፣ ጨምሩ።»

ሁሉም ቀና አሉ። ከራሳቸው በላይ የሾላዋ ቅጠል እንደለመለመ ነው።

«የጠገበ ይቆፍር!» አለ አንበሳ። ጅብ ቆፈረ፤ ቀበሮ አሸዋውን በጅራቱ ጠረገ። ርጥብ አሸዋ ሲታይ ጅብ ሊጨፍር ቃጣው። «ጨምር!» ብላ ቆቅ ጮኸችበት። ጨመረ። ውሃው ቡልቅ አለ!

ግልገሎች ተንቦጫረቁ። ወፎች ከደስታ ብዛት የያዙትን ሁሉ በአንድ አፍ ይወርዱት ጀመር፤ የቀዩም የሰማያዊውም አንድ ቃል አልጎደለም። ጃርት መሃላቸው ገብቶ «ቀስ! ቀስ በሉ፣ ብዕሬን ልያዝ!» ይላል።

«ጃርት፣» አለ አንበሳ፣ «በድለንሃል። ና፣ ወደ ወንበርህ ተመለስ።»

ከጉድጓዱ ውስጥ ጅብ አሸዋ የለበሰ አፍንጫውን አወጣ። «ንጉሥ ሆይ... ወንበሩንም አንብቤዋለሁ።»

አገር በሳቅ ፈረሰ። ጃርትም ስቆ ስቆ ሲያበቃ ጀርባውን ዳሰሰ፤ እሾሁ እንደገና በቅሏል። አንዷን ነቅሎ ሳር ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና «ቆቄ፣ ከመጀመሪያው በይልኝ» አለ።

«ለብራናው ግን ታገሡ፣» አለ አንድ ሽማግሌ ፍየል፣ «እኔ ገና አልሞትኩም።»

ከዚህ የምንማረው እውቀቱን ለብዙዎች ያካፈለ ሠራተኛ፣ ወንበሩን ቢነጥቁት እንኳ ሥራውን በልተው ሊጨርሱት እንደማይችሉ ነው።