የሰኔ ሚካኤል ክዳን

በእኛ አጥቢያ ስብሰባ ሳያልቅ ዘንጉን አንስቶ የሚነሳ ሰው ካለ፣ አንዲት አባባል ከኋላው ትከተለዋለች። አባባሏ የእኛ ብቻ አይደለችም፤ አገር ሁሉ ይላታል። ሌላው ዘንድ ከየት እንደመጣች አላውቅም። እኛ ዘንድ እንዴት እንደገባች ግን አውቃለሁ፤ የዚያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነበርኩና።

በዚያ ዓመት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን ክዳን አርጅቶ ነበር። ሳሩ ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ሳስቶ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቅኔ ማኅሌቱ ላይ ያንጠባጥባል። ከጥር ጀምሮ በየሰንበቱ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠን ተከራከርን። ግማሹ ቆርቆሮ ይሁን አለ፤ ግማሹ ሳር። ሳር ያለው ሲረታ ደግሞ ሰንበሌጡ ከየት ይታጨድ፣ የየትኛው ጎጥ ሰው ይሸከም ስንባባል ሌላ ወር አለፈ። መሀል ላይ የመቃብሩ አጥር ፈረሰ። ሁለት ጎረቤታሞች በጸበሉ መንገድ ተጣሉ፤ እነሱንም እኛው አስታረቅን። ሳሩ ታጭዶ ግቢው ውስጥ ሲከመር ግንቦት ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

ምክትል ሰብሳቢያችን አቶ ይርሳው ጎበዝ ገበሬ፣ ቀና ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላቸውም፤ መቀመጥ። እኛ ተቀምጠን እሳቸው ይቆማሉ። ሰብሳቢው ቄስ ልሳነወርቅ «በስመ አብ» ብለው ጸሎት ሲከፍቱ እሳቸው ሰማዩን ያያሉ። በዚያ ሰሞንማ ባሰባቸው። የሚናገረውን ሰው አፍ ነጥቀው ይጨርሱለታል፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ፣ መልሰው ይጠቀልላሉ።

ግንቦት ሃያ ዘጠኝ ቀን ከዳኙን አያ ውባንተን አስጠራናቸው። ከሳሩ ጎን የተከመረውን የማሰሪያ ልጥ አገላበጡና አንዱን ሰበሩት። ቀጭ አለ።

«ይሄ ደርቋል። ሦስት ቀን ወንዝ ውስጥ ይዘፍዘፍ» አሉ።

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አሉ አቶ ይርሳው።

«ርሶ የታሰረ ልጥ ሲደርቅ ጨምቆ ይይዛል። በደረቁ ያሰርከው ግን ዝናብ ሲነካው ይላላል። ከዚያ ማገሩ አለ፤ ከዚያ ሳሩ ከታች ወደ ላይ እየተረገጠ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ተኩል ይፈጃል።»

«ሰኔ ሚካኤል እኮ ዐሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው!»

«አሮጌው ክዳን አንድ በዓል አያቅተውም።»

«በአዲሱ ነው የምናከብረው! አርባ ሰው አወጣለሁ፤ በሳምንት ይከደናል።»

የሴቶች ተወካይዋ እመት አንጓች ቀና ብለው አዩዋቸው። «ይርሳው፣ እስቲ ተቀመጥና እንነጋገርበት።»

«ቆሜም ይሰማኛል፣ እመት አንጓች። የተስማማ እጁን ያውጣ!»

ይህን ሲሉ ከግቢው በር ደርሰው ነበር። እጆች ወጡ፤ አንዱ ከአምስት ወር ክርክር ሊገላገል፣ አንዱ እርሻው ናፍቆት። እኔም አወጣሁ። የእመት አንጓች እጅ ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ እያየሁ «በአንድ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ።

አያ ውባንተ ማጭዳቸውን አነሱ። «እኔ በደረቅ ልጥ የሚካኤልን ቤት አላስርም» ብለው ሄዱ።

ሥራው በሩጫ ሆነ። አንዱ ሲያስር ሌላው ሳር ይወረውርበታል፤ አቶ ይርሳው ከታች ሆነው «በርቱ! በርቱ!» ይላሉ። ልጡ ሲበጠስ ሌላ ይቀጠላል። ሰኔ ዐሥራ አንድ ቀን ጉልላቱ ተተከለ። እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ሴቶች እልል አሉ። አመሻሹ ላይ ዝናብ ጀመረ፤ አዳሩንም አላባራም።

የአቶ ይርሳውን የችኮላ ምክንያት ያወቅነው በኋላ ነው። ልጃቸው ስመኝ ሁለት ሕፃናት ክርስትና ሳይነሱ ሞተውባታል። ሦስተኛዋ ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ሰኔ ሚካኤል ላይ ዋለ። አቶ ይርሳው «ይችን ለክርስትና ካደረስክልኝ በአዲስ ክዳን ሥር አስገባታለሁ» ብለው ለመልአኩ ተስለው ኖሯል። ብናገረው ይሰናከልብኛል ብለው ለሚስታቸው እንኳ አልተነፈሱም።

በማግሥቱ፣ በበዓሉ ቀን፣ ሕፃኗ ተጠመቀች። የክርስትና እናቷ እመት አንጓች አቅፈዋት ለቁርባን ገቡ። ያን ጊዜ ነፋስ ተነሳ። ከላይ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ቀና ስንል፣ በምዕራብ በኩል ሳሩ ከነማገሩ እየተንሸራተተ ነው።

«ውጡ!» አለ አንድ ሰው።

አቶ ይርሳው እንደልማዳቸው በሩ ሥር ቆመው ነበር። ዘለው እመት አንጓችን ከነሕፃኗ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ገፏቸው። ማገሩ እሳቸው ትከሻ ላይ ወረደ። ሳርና አቧራ ሁሉን ሸፈነው። ስመኝ ወደ ሳሩ ክምር ሮጠች። ከዚያ ከሳሩ ሥር ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው። የሰው ልቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከአቶ ይርሳው ትከሻ በቀር የተጎዳ አልነበረም። ካህናቱ መቅደሱን ቁርበት አልብሰው ዝናብ እየመታቸው ቅዳሴውን ጨረሱ።

በማግሥቱ አቶ ይርሳው ክንዳቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ወደ አያ ውባንተ ሄዱ፤ እኔ ደግፌያቸው። ሰውየውን ወንዝ ዳር አገኘናቸው።

«ውባንተ፣ በድዬሃለሁ። ልጡ መቼ ይዘፈዘፋል?»

«ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ይቀረዋል።»

አቶ ይርሳው «እጠብቃለሁ» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

በሰንበት ጉባኤው ተሰበሰበ። አቶ ይርሳው ስለታቸውን ነገሩን፤ እንባቸው እየቀደማቸው። «ሰውን ለአደጋ ያጋለጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቄስ ልሳነወርቅ «ለወረዳው ቤተ ክህነት መጻፍ አለብን። ክዳኑ በምን ምክንያት ወደቀ እንበል?» አሉ።

«ነፋስ ልበል ወይስ ዝናብ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ይርሳው ብለህ ጻፍ» አሉ አቶ ይርሳው።

እመት አንጓች ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአንድ ሰው ስም አትጻፍ፤ ሁላችንም ነበርንበት» አሉኝ። ከዚያም ብዕሬን ወረቀቱ ላይ እስካሳርፍ ጠብቀው፣ ቃል በቃል እንድይዘው ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»