በጎቹ ወደ ግራ የሄዱ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ቀይ ባሕርን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ልሳነወርቅ የሚባል የንግድ መርከብ ካፒቴን ነበር። የተወለደው ባሕር በማይታይበት በመንዝ ነው። ያም ሆኖ አርባ ዓመት ከአሰብ ጅዳ፣ ከጅዳ ኤደን ሲመላለስ አንድ ሰው አልሞተበትም፣ አንድ ጆንያ ባሕር አልገባበትም። ይህን ማውራት አይሰለቸውም፤ ሰሚው ግን አልፎ አልፎ ይሰለቸው ነበር።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ጉዞ ቀረው፤ ሁለት ሺህ በግ ለአረፋ በዓል ጅዳ ማድረስ። አንገቱ ላይ ከአስተማሪው የተረከባት የባሕር መነጽር አለች፤ አስተማሪውም ከራሱ አስተማሪ ነው የተረከባት። ደንቡ ይህ ነው፤ ካፒቴኑ በመጨረሻ ጉዞው፣ የመርከቡ መሰላል ወደብ ላይ ከመውረዱ በፊት፣ መርከቡ ላይ ካሉት ሁሉ «መርከብ ቢሰጡት ያምርበታል» ለሚለው አንድ ሰው መነጽሯን ያጠልቅለታል። ለሁለት ማካፈል የለም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሙቀቱ በጎቹን አስለከለካቸው። ልሳነወርቅ አዘነላቸው። በቀኝ በኩል ፀሐይ ስለነበር የበጎቹን በረት የሚሸፍነውን የቀኙን ሸራ እንደተዘጋ ትቶ፣ ነፋስ ይግባላቸው ብሎ የግራውን አስከፈተ።

ከበጎቹ ጋር የተሳፈረው አፋሩ እረኛ ሁመድ ይህን አይቶ መጣ። «ካፒቴን፣ በግ ነፋስ ወዳለበት ይሄዳል። ሁለቱንም ክፈት፣ ወይ ሁለቱንም ዝጋ።»

«አንተ በግህን ጠብቅ፣ ባሕሩን ለእኔ ተወው» አለና ሳቀ ልሳነወርቅ።

ሳቁን ሳይጨርስ ሁለት ሺህ በግ ነፋስ ፍለጋ ወደ ግራ ነጎደ። የበረቱ ጣውላ ተሰባበረ። መርከቧ ወደ ግራ ተጋደለች፤ ባሕሩም በተከፈተው በኩል ይገባ ጀመር። «ሞተር አቁሙ! ሁላችሁም ወደ ላይ ውጡ!» ብሎ ካፒቴኑ ጮኸ።

መሪውን የያዘው ምክትሉ ዮፍታሔ ነበር። ትእዛዙን ሰማ፣ ግን አልፈጸመም። መርከብ በፍጥነት ስትታጠፍ ወደ ተቃራኒው ጎን እንደምትጋደል ያውቃልና፣ መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ግራ አዞረው። መርከቧ እየተሽከረከረች ቀና ማለት ጀመረች። በመዞር ብቻ ጅዳ አይደረስም እንጂ፣ በዚያች ሰዓት መገልበጥን ያስቀረው እሱ ነው።

የሞተር ክፍል ኃላፊው ባልቻም ትእዛዙን ሰምቷል። ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ነበር። ረዳቶቹን ወደ ላይ አስወጣና ውሃው ወደ ሌላ ክፍል እንዳያልፍ በሩን ከውስጥ ዘጋው። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ለሚዛን በግራ ጋን የተሞላውን ውሃ በፓምፕ ወደ ቀኙ ጋን ገለበጠው። መርከቧ ብትሰጥም መውጫ አልነበረውም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሁመድን ማንም ምንም አላዘዘውም። በሚራገጡት በጎች መሃል ገብቶ፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ እየተረገጠ ተነሳ። የቀኙን ሸራ በጩቤው ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ከዚያ አውራውን በግ ቀንዱን ይዞ፣ በአገሩ ፉጨት እያፏጨ እየጎተተ ወደ መሃል አመጣው። ሌሎቹ ተከተሉት፤ የበረቱን ግራና ቀኝም ሞሉ። መርከቧ ቀጥ አለች።

ሰው አልሞተም፤ አንድ በግ እንኳ አልጎደለም። ምሳ ላይ ሳቁና ክርክሩ ደራ።

«እኔ ባላዞራት ኖሮ አሁን ከዓሣ ጋር ነበር የምትከራከሩት» አለ ዮፍታሔ።

«ሞተሩ ቢጠፋ በምን ታዞራት ነበር? በጸሎት?» አለ ባልቻ።

ሁመድ የተላላጠ ክርኑን እያየ፣ «እኔ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ» አለ።

«ታዲያ ካወቅህ ሸራውን ያኔውኑ ለምን አልቀደድከውም? ሰምጠን ልታየን ነበር?» አለው ዮፍታሔ።

«መርከቡ የማን ነው? ባለቤቱ እየሳቀ እኔ ልቅደድበት?» አለ ሁመድ።

ልሳነወርቅ ይሰማል። አፍሯል፤ ደግሞም ደስ ብሎታል፤ ኀፍረትና ደስታ እንዲህ ተስማምተው ሲቀመጡ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው በግልጽ። ሦስቱም ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

የጅዳ ወደብ ታየ። ልሳነወርቅ መነጽሯን ከአንገቱ አውልቆ በእጁ ያዘ። ዮፍታሔ ትእዛዝ ጥሶ ጊዜ ገዛላቸው። ነገር ግን ትእዛዝ የሚጥስ ሰው ነገ ለማዘዝ ይሆናል? ባልቻ ነፍሱን ለአደጋ ሰጠ፤ ከታች ሆኖ ግን ባሕሩን አላየም። ሁመድ የጥፋቱን ሥር ነቀለ፤ አስቀድሞ አይቶም ነበር። ሲሳቅበት ግን ዝም አለ፤ መርከብ ላይ ሲወጣም ገና የመጀመሪያው ነው።

መሰላሉ በሰንሰለት ወደ ታች ይወርድ ጀምሯል። ሦስቱም ቆመው ካፒቴኑን ያዩታል። እናንተ የምትሰሙ ሰዎች፣ በእሱ ቦታ ብትሆኑ መነጽሯን በማን አንገት ላይ ታጠልቁ ነበር?