ሽኮኮ አገር ያቆመ ጊዜ

ድሮ ድሮ፣ ጅብ ጾም ያውቅ በነበረበት ዘመን፣ ስሟ በጠፋን አንዲት አገር፣ ባሏ የሞተባት ኤሊ ነበረች። የምትኖረው ከአንዲት ምንጭ ዳር ነው። ምንጯን ያገኛት ባሏ ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። «እትዬ፣ ብቻዎን ከማን ጋር ያወራሉ?» ሲሏት፣ «ከባሌ ጋር ነዋ! መልስ እንደሆነ ድሮም አይሰጥም» ትላለች።

በዚያው አገር ከቋጥኝ ሥር ሽኮኮ የሚሉት ይኖር ነበር። ጅራት የለውምና «ጅራትህን የት አስይዘህ መጣህ?» እያሉ ይስቁበታል። ሽኮኮም አብሮ ይስቃል፤ እንጨቱን ግን ይጠርባል። እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የአጎቶቹ ልጆች፣ ሁሉም ይጠርባሉ።

አንድ ቀን በርጩማ ይዞ ገበያ ወጣ። ግንደ ቆርቁር አንዱን በርጩማ በቁና እህል ሲሸጥ፣ ሽኮኮ በእፍኝ ሸጠው። የሽኮኮ በርጩማ እግሩ ክረምት ሳይገባ ይወልቃል። ቢወልቅስ? በእፍኝ ሌላ ይገዛል! ግንደ ቆርቁር ገበያው ጠፍቶበት ግንድ ለግንድ ሲቆረቁር ቀረ። ከሰባት ወንዝ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ በሽኮኮ በርጩማ ተቀመጡ። አንበሳ እንኳ ዙፋኑ ቢሰበርበት በሚዳቋ ስም አስገዛ።

ጅራት የሌለው ሽኮኮ ሲከብር፣ ጅራት ነውር ሆነ። ጦጣ ጅራቷን በመቀነት አሰረች፤ አንበሳ የራሱን ተቀምጦበት ይውል ጀመር። ሽኮኮም መጀመሪያ «አያ ሽኮኮ»፣ ኋላ «ጋሼ»፣ በመጨረሻ «ጌታው» ተባለ።

ጌታው ሸንጎ ሲገባ አገር ብድግ ይላል።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር!» ይልና ይቀመጣል። «ተቀመጡ» ግን አይልም። እሱ ሳይል መቀመጥ ደግሞ ብልግና ነው። በዚያ አገር ሕግ የተቀመጠ ዳኛ፣ የቆመ ባለጉዳይ ነውና፣ ሽኮኮ ብቻውን ዳኛ ሆነ፤ አንበሳና ዝሆን ባለጉዳይ። እንዲህ እያለ ደኑን ለራሱ ፈረደ፤ ግጦሹንም ለራሱ ፈረደ። ጨዋው አገር ቆሞ አየ።

የኤሊ ተራ ደረሰ።

«ምንጯ የእንጨት መንከሪያ ትሁነኝ» አለ ሽኮኮ።

«ባሌስ?»

«ይነሣላ! ጥሩ በርጩማ እሰጠዋለሁ።»

«ተዉት ጌታው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ መቀመጥ አይወድም።»

የቆሙት አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሽኮኮ ተቆጥቶ ሊፈርድ አፉን ሲከፍት፣ ኤሊ «አንዴ ይታገሡኝ፤ ሽንቴ መጣ» አለች።

«አሁን?»

«በኔ ዕድሜ ሽንት ቀጠሮ አይቀበልም።»

ወጣች። የኤሊ አወጣጥ ነውና ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ የቆሙት ሁሉ እግራቸው አበጠ። በስንት ጊዜዋ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «እህህም!» አለች።



«አልሰማችሁም? ታላቃችሁ ገብታለች።»

ሁሉም ወደ ሽኮኮ ዞረ። የሽኮኮን አያት እትብት የቆረጠችው ኤሊ እንደሆነች አገር ያውቃል። ሽኮኮ ግን ንቅንቅ አላለም። አህያ በሸንጎ መናገር ልማዷ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን እግሯ ዝሎ ነበርና አላስቻላትም።

«ለታላቅ መነሣት ከቀረማ፣ እኛን ምን አቆመን?»

«እውነቷን ነው!» ብሎ ጅብ ወደ በርጩማው አጎነበሰ።

ሽኮኮ ነገሩን አሰላ። እሱ ካልተነሣ አገሩ ሊቀመጥ ነው፤ አገሩ ከተቀመጠ ሁሉም ዳኛ ሊሆን ነው። ሳይወድ በግድ ብድግ አለ።

«ኖር፣ እትዬ! ኖር!»

«በእግዜር! በሉ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ተቀመጡ።»

አገር ዘጭ! ዝሆን የራሱን በርጩማ የሚፈልግበት ጉልበት አልነበረውምና ቅርቡ ያገኘው የሽኮኮ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። ሽኮኮ ዞር ቢል የሚታየው የዝሆን ቂጥ ብቻ ነው።

«ባለጉዳይ» አለች ኤሊ፣ «ብቻህን ቆመሃልና ተናገር። ምንጯ የማን ናት?»

«የ... የሁላችን።»

«ደኑስ?»

«የሁላችን።»

«ግጦሹስ?»

ሽኮኮ ዝሆንን አየና «እሱም» አለ።

ይኸው እስከ ዛሬ ሽኮኮ የሚቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው፤ ኮቴ ሲሰማም «ኖር!» እስኪል አይጠብቅም፣ ይሮጣል።

አገር አቁሞ የተቀመጠ፣ ተነሥ ሲሉት ደነገጠ።