ጭቃው ደህና ናቸው ይላል

አንድ ጊዜ፣ ትንሹም ትልቁም እንስሳ ሳይፈራራ ውኃ የሚጠጣበት መልካ ነበር። የመልካው ጌታ አንበሳ፣ ከዚያ ውኃ የሚጠጣን እንስሳ ማንም እንዳይበላ ሕግ አውጥቷል። ሕጉን የምትጠብቀው ግን የእትዬ አህያ ጉሮሮ ነበረች።

እትዬ አህያ ማለዳ ማለዳ ቋጥኝ ላይ ትወጣና «እንደምን አደራችሁ?» ብላ ታናፋለች። ሁሉም በየድምፁ ይመልሳል። ሰላምታዋ ታዲያ በአንድ ቃል አያልቅም። «ልጆችሽስ? ያ እግርህስ ተሻለህ? አማትሽ እንዴት ሆኑ?» እያለች ትቀጥላለች። ያልመለሰ ካለ አንበሳ ተነሥቶ ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀምጦ ምራቁን ከመዋጥ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም።

አንበሳ ግን የሰላምታው ርዝመት ሰለቸው። ይህን ያየ ቀበሮ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ የአህያ ጩኸት እየሰሙ ማርፈድ ለክብርዎ ይመጥናል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ማን እንዳለ፣ ማን እንደጎደለ ማወቅ አለብኝ።»

«መውረጃው ላይ ልም ጭቃ እንደልድል። ለእያንዳንዱ እንስሳ የራሱን ትልም እንስጠው። ወደ ውኃው ሲወርድ በትልሙ ረግጦ ይለፍ። እርስዎ ዱካውን አይተው ሁሉን ያውቃሉ። አፍ ይዋሻል፤ ጭቃ አይዋሽም።»

አንበሳ ወደደው። ዱካ አንባቢም ተሾመች፤ ሚዳቋ። ሚዳቋ የዱካ ንባብ ከእናቷ በሚገባ የተማረች ናት፤ ነገር ግን ዓይን ሲበዛባት ድምፅዋ የሚጠፋ ዓይን አፋር ነበረች። አንገት ደፍቶ የሚሠራ ሥራ በማግኘቷ በልቧ ተደሰተች። ማለዳ ትልሞቹን አይታ ለአንበሳ «ሁሉም ደህና ናቸው» ትላለች፤ ከዚያ በአፏ በያዘችው ቅጠላም ዝንጣፊ ጭቃውን ለነገ ታስተካክላለች።

በመጀመሪያ ጭቃው የእትዬ አህያ ረዳት ነበር። እያደር ሰላምታው አጠረ። ቆይቶም «ጉሮሮሽን አሳርፊ» ተባለችና ከቋጥኙ ወርዳ ግራር ሥር ተቀመጠች። እንስሳቱም ረግጠው፣ ጠጥተው፣ ሳይተያዩ መሄድ ለመዱ። አንበሳም ዓይኑን ከጭቃው ማንሣት ተወ። አንድ ቀን ዝንጀሮ እያነከሰ መጥቶ «ጌታዬ፣ አሞኛል» ቢለው፣ ቀና እንኳ ሳይል «ዱካህ ሙሉ ነው፤ ደህና ነህ» አለው። ዝንጀሮ ጭቃውን አየ፤ እግሩን አየ። «እንግዲያው ተሽሎኝ ይሆናል» እያለ፣ እያነከሰ ሄደ።

ሚዳቋ ራቅ ካለ ጥሻ ውስጥ የምትኖር እርጉዝ ታናሽ እህት ነበረቻት። ድሮ ድምፅዋን በሰላምታው ትሰማ ነበር። አሁን ዱካዋን ታያለች። «መጥታለች፣ ጠጥታለች» ትላለች፤ ይበቃታል።

አንድ ጉም የሸፈነው ማለዳ ግን ዓይኗ የእህቷ ትልም ላይ ቀረ። እርጉዝ በከበደች ቁጥር ዱካዋ ይጠልቃል። ይህ ዱካ ቅጠል የወደቀበት ያህል እንኳ አልጎደጎደም። ጎንበስ ብላ አየችው። ሁሉም የአንድ እግር ነው፤ የቀኝ የፊት እግር፣ ደግሞ የቀኝ የፊት እግር። አሸተተችው። የእህቷ ጠረን የለም። የጅብ ምራቅ ይሸታል።

ወደ ድኩላ ትልም ሄደች። ወደ ከርከሮ ትልም ሄደች። እዚያም ያው ነው። ጭቃው በዱካ ሞልቷል፤ መልካው ግን ጭር ብሏል። እንዲህ ጭር ካለ ስንት ጊዜው ይሆን? ሚዳቋ አላስታወሰችም።

«ዛሬስ?» አለ አንበሳ።

አፏን ከፈተች። እውነቱን ብትናገር፣ ያ ሁሉ ማለዳ የሞተችን እህቷን «ደህና ናት» ስትል መክረሟን መናገሯ ነው። ፊቷ ነደደ።

«ሁሉም ደህና ናቸው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስጢሩን እንደ ደረቅ አጥንት ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛ ከረመች። ቀላል ዱካዎች እየበዙ ሄዱ። እሷም ከእያንዳንዱ በኋላ «ነገ እናገራለሁ» ትላለች፤ ነገም ታፍራለች።

አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና መሬት ለመሬት ሲሳብ፣ ሚዳቋ ወደ ጭቃው መጣች። በራሷ ትልም ላይ ዱካ አየች። ገና ውኃ አልወረደችም። ዱካው ግን የእሷ ነበር፤ ቅርጹም፣ ሰኮናው ላይ ያለው ስንጥቅም። እንዲህ ያለ ስንጥቅ እናታቸው ለሁለት ልጆቿ ብቻ ነበር ያወረሰችው።

ከጉሙ ውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሚዳቋ ድንጋይ ተጠግታ ትንፋሿን ያዘች።

«አያ ጅቦ፣ አንገትህ ላይ ያሉትን ሰኮናዎች አታንኳኳብኝ» አለ የቀበሮ ድምፅ። «የዚህችን ሌላ እግር የት አደረግኸው?»

«በላሁት።»

«ከነሰኮናው?»

«ይጣፍጣል እኮ። አንበሳ አንድ እግር ብቻ መሆኑን ቢያይስ?»

«አንበሳ ዱካ መኖሩን እንጂ የማን እግር መሆኑን ሲጠይቅ አይተህ ታውቃለህ? ይልቅ የአንባቢዋን ትልም ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ። ግን እሷ ገና አልተበላችም።»

«መጀመሪያ ትኖራለች ይባላል፤ ከዚያ ትበላለች። የሥራው ወግ እንዲህ ነው።»

ሚዳቋ በረረች። አንበሳን ከዋሻው ስታወጣው ፀሐይ ጉሙን ገና አልገፈፈችውም። አንበሳ እንደ ልማዱ መጥቶ ጭቃው ላይ አጎነበሰ።

«ጌታዬ፣ ሚዳቋ ነኝ። ሊበሉኝ ነው።»

«ሚዳቋ ወርዳ ጠጥታለች። ዱካዋ ይኸው።»

«እኔ ነኝ ሚዳቋ። እዚህ ቆሜያለሁ።»

«ጭቃው አልፈሻል ይላል» አለ አንበሳ፤ ዓይኑን አላነሣም።

ቀበሮ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። «ጉም ሲበዛ እንዲህ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ ጌታዬ። አይስሙት።»

ሚዳቋ እንደዚያን ቀኑ ዝንጀሮ እግሯን አየች፤ መኖሯን ተጠራጠረች። ያኔ ጉሮሮዋ ውስጥ የከረመው አጥንት ተነቀለ።

«እህቴ ሞታለች» አለች። «ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ደህና ናት ያልኩዎት አፍሬ ነው። ድኩላንም ከርከሮንም አፍሬ ደህና ናቸው ብያለሁ። ዛሬ ዝም ካልኩ እኔም ተበልቼ፣ በዚህ ጭቃ ላይ ደህና ነች እየተባልኩ ልኖር ነው። ጌታዬ፣ እትዬ አህያ አንዴ ብቻ ሰላም ትበል።»

«ምን አስፈለገ?» አለ ቀበሮ።

«አንዴ ከሆነ ግድ የለም» አለ አንበሳ እያዛጋ።

እትዬ አህያ ቋጥኙ ላይ ወጣች። ጉሮሮዋ ዝጎ ስለነበር ሁለቴ አሳለች። ከዚያ «እንደምን አደራችሁ?» አለች።

ገደሉ መልሶ «አደራችሁ» አለ። ሌላ ማንም የለም። ከዛፍ ላይ ዝንጀሮ ብቻ፣ «እኔ አለሁ፤ ደህና መሆኔን ግን ጭቃውን ጠይቁልኝ» አለ።

«ድኩላስ እንደምን አደርሽ?»

ዝም።

«ከርከሮስ? ታናሿ ሚዳቋስ? ፅንሱስ እንዴት ሆነልሽ?»

አንበሳ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዝምታውን ያን ጊዜ ሰማው። ጆሮው ቆመ፤ የጀርባው ፀጉር ተነሣ።

አያ ጅቦ ቁጥቋጦው ውስጥ ሆኖ ተጨነቀ። ቀበሮ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጎደለ ካለ ሙላ።

«ድኩላ ደህና ናት» አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ከርከሮም ደህና ነው» አለ ያው ድምፅ። «ታናሿም ደህና ናት። ልጇም አብሯት አለ።»

«የት ናቸው?» አለ አንበሳ።

«እኔው ጋ» አለ አያ ጅቦ፤ ማስረጃውን ለማሳየትም ወጣ። አንገቱ ላይ በሐረግ የተሰኩት ሰኮናዎች ሲራመድ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አሉ።

አንበሳ አጎንብሶ የከረመ አንገቱን ዘርግቶ ተወረወረበት። አያ ጅቦ ሁለተኛ ለማንም አልመለሰም። ቀበሮን ዱካውን ተከትለው ሊይዙት ፈለጉ፤ አልተገኘም። ለሁሉም ትልም ሲያከፋፍል ለራሱ አላስቀረም ነበር።

«ጭቃውን ላፍርሰው?» አለ አንበሳ በኋላ፤ ሚዳቋን ፊት ለፊት እያየ።

«አይፍረስ። ዱካ ይጠቅማል» አለች ሚዳቋ፤ ድምፅዋ አነስ ቢልም አልጠፋም። «ብቻ ሰላምታው ይቅደመው።»

እንዲሁ ሆነ። ፈርተው ርቀው የነበሩ እንስሳትም ሰላምታውን ሲሰሙ አንድ በአንድ ወደ መልካው ተመለሱ። አንበሳም የመጀመሪያውን ሰላምታ ለዝንጀሮ እግር አቀረበ። የታናሿን ትልም ግን ሚዳቋ ዝናብ እስኪወስደው ድረስ አላስተካከለችውም። እትዬ አህያም በየማለዳው ሁሉንም ጠይቃ ስትጨርስ «ታናሿስ?» ትላለች፤ ያን ጊዜ መልካው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ማንም በእሷ ፈንታ አይመልስም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዱካን ማየት ባለ ዱካውን እንደ መጠየቅ እንዳልሆነ፣ እውነቱን እያወቀ አፍሮ ዝም የሚልም በየማለዳው ለጅብ አንድ ተጨማሪ ቀን እንደሚሰጥ ነው።