በጭጎጎት የተጣበቀው ጎፈር

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ቆላ ውስጥ፣ የንጉሥ ጉልበት ያለው ጎፈሩ ላይ ነው የሚል ወሬ ነበር። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከሁሉም በላይ የሚያምነው ግን አንበሳ ራሱ ነው፤ ሲያራግፈው ይውላል። አድና የምታበላው ሚስቱ አንበሲት መሆኗን፣ እሷ ደግሞ አንዲት ዘለላ ጎፈር እንደሌላት ልብ ያለ አልነበረም። ዓይን እያላቸው!

አያ ጅቦ አህያን መብላት ካማረው ቆይቷል። አህያ ግን ለአንበሳ ቤት ውኃ ስለምታመላልስ፣ ማንም እንዳይነካት ታውጇል።

ቀበሮ ጠጋ አለውና «አያ ጅቦ፣ ጎፈሩን ያደረገ ንጉሥ ነው። አንተ ካደረግከው አዋጁም ያንተ፣ አህያዋም ያንተ» አለው።

«እንዴት አድርጌ?»

«ለኔ ተወው። ጉበቷን ብቻ እንዳትረሳኝ።»

በማግሥቱ ቀበሮ አንበሳ ዘንድ ሄደ። «ጌታዬ፣ ጎፈርዎ ጭጎጎት ብቻ ሆኗል፤ ልልቀምልዎት?» ጭጎጎት ያ በሄዱበት ሁሉ ሙጭጭ የሚል እሾሃም ፍሬ ነው። ቀበሮ ጭጎጎቱን ሳይለቅም ቆዳውን ብቻ ሲያክለት አንበሳ ደስ አለውና እዚያው ዋርካው ሥር እንቅልፍ ጣለው። ይኼኔ ጅብ ከኋላ መጥቶ ጎፈሩን በጥርሱ ከሥሩ ሸለተው። አንገቱ ላይ ሲጠመጥመው ጭጎጎቱ ከራሱ ፀጉር ጋር ተጣበቀ። ማሰሪያ እንኳ አላስፈለገውም።

በቀጥታ አህያ ዘንድ ሄደ። «ተኚ! ልበላሽ ነው!»

አህያ ፈራች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ ባሰ። «አሁንስ በዛ! አምና የፈረስ ጭራ አስረህ መጣህ፤ ዘንድሮ ደግሞ ይኼ?»

«ይኼኛው የእውነት ነው! ንጉሥ ነኝ!»

«እሺ፣ ንጉሥ ነህ። ታዲያ ንጉሥ አህያ ያባርራል? አንበሳ ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ? ዋርካው ሥር ይጋደማል፣ ያዛጋል፣ ምሳው ይመጣለታል። አሁን ብትሮጥብኝ ያየህ ሁሉ ጅብ ነው የሚልህ!»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ቆየ። «ታዲያ አንቺን ማን ያመጣልኛል?»

«አንበሲት ናታ! ሂድና ጠብቃት።»

ጅብ ሄዶ ዋርካው ሥር ተጋደመ፤ ቀበሮም ጉበቱን ሊጠብቅ አጠገቡ ተቀመጠ። አንበሳ ነቅቶ አንገቱን ሲዳስስ ባዶ ሆኖበት፣ «አለቀልኝ!» እያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አንበሲት ሚዳቋ እየጎተተች፣ እያለከለከች መጣች። ጅብ አዛጋና «ዘገየሽ!» አላት።

ባሏ ከቁጥቋጦው ጮኸ። «አትጠጊው! ጉልበቴን ሁሉ ወስዶታል!»

«እፍ! የናንተ ነገር!» አለችና ሚዳቋዋን ጥላ ጅብን በጥፊ አጋደመችው። «ውሰጂው! ያንቺ ነው!» እያለ ጅብ ጎፈሩን ሊያወልቅ ታገለ፤ ጭጎጎቱ መች ይለቃል! በጎተተ ቁጥር የራሱን ፀጉር ነቀለ። አንገቱ ተመልጦ፣ እየጮኸ ሸሸ።

ዞር ስትል ሚዳቋዋ የለችም። ቀበሮም የለም።

«በል ውጣ፤ አብረን ሌላ እናድን» አለችው ባሏን።

«ጎፈሬ እስኪያድግ አልችልም።»

«መቼ ነው የሚያድገው?»

«ለከርሞ።»

አንበሲት ሰማዩን አየች። «የኔ ጎፈር የታለ? ትናንት ጎሹን የጣልኩት በምኔ ነው?»

አንበሳ ትንሽ አሰበ። «እኔንም ይገርመኛል» አለ።

አንበሲት አቧራዋን አራግፋ ወደ አደኗ ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበት ፀጉር ላይ ነው ብሎ የሚሰርቀውም ተሸለትኩ ብሎ የሚያለቅሰውም አንድ ዓይነት ሞኞች መሆናቸውን፣ ምሳውን የምታመጣው ግን ጎፈር ኖሯት እንደማታውቅ ነው።